የሜኔር ኬስ ረጃጅም ቃላት

ባለፈው ሐሙስ ኮረሪማ ጨርሼ የጆሃንስበርግ ሐበሻ ገበያ ወደሆነው ጀፕ ወርጄ ነበር። ጀፕ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ከከተማው ዳር፣ ከአይቮሪ ፓርክና ከቮስሎሩስ፣ ለሱቃቸው ዕቃ ሊጭኑ የመጡ ልጆቻችን ካርቶን በትከሻቸው ተሸክመው ይጋፋሉ፣ በታክሲው የኋላ በር ብርድ ልብስ እየደረደሩ በአማርኛም በዙሉም ይሰዳደባሉ። ከፎቁ ደረጃ ስወርድ ከኋላዬ አንድ ሰው አፉን ዘግቶ ሲያንጎራጉር ሰማሁ። ዘፈን አይደለም። ከፍ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይነሳል። እግሬ ደረጃው ላይ ቀረ። ያንን ዜማ በዚህች ከተማ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ሞተዋል ብዬ ነበር የማስበው። ዞር ስል አንዲት ሸበት ያለች ወፍራም ሴት በብብቷ የመጋረጃ ጨርቅ ይዛ ትስቃለች። ኖምሳ ናት፤ የሆላንዶቹ የሽማግሌዎች መኖሪያ ውስጥ አስታማሚ የነበረችው፣ ያኔ ወገቧ በአንድ ክንድ የሚታቀፍ ልጅ።

«ሳዉቦና፣ ማማ» አለችኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፤ «ከአገርሽ መቼ ተመለስሽ?»

የት ሄጄ ነው የምመለሰው? ከዚህች ከተማ ወጥቼ አላውቅም አልኳት። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። አጠገባችን ካለው ምግብ ቤት ገብተን ለስላሳ አዘዝን፤ የነገረችኝን ስትጨርስ ለስላሳው ሞቆ ነበር። ኮረሪማውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ያኔ የምንኖረው ዮቪል ሰፈር ነው፤ ሮኪ ጎዳና ካለው የዳቦ ቤት ማዕዘን ታጥፎ ሦስተኛው ፎቅ። ቡናማው ዳቦ ሁለት ራንድ አይሞላም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ትኩሱን በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡኝ የጋዜጣው ቀለም ዳቦው ላይ ይታተማል፣ ባለቤቴም ቁርሱን ከዜናው ጋር በላሁት ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየበረንዳው ጊታርና ከበሮ ይሰማል፤ ከታክሲው ደግሞ ወንበሩን የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ። ታክሲ ለማስቆም አፍ አያስፈልግም፤ ሌባ ጣትን ወደ ሰማይ ማቆም ማለት ወደ መሃል ከተማ ነው፣ ሌላው አቅጣጫ ሌላ ምልክት አለው። እኔ እስክለምደው ድረስ ስንቴ ወደማልፈልገው ሰፈር ሄጃለሁ። ሂሳቡ ከኋላ ወንበር በሰው እጅ በሰው እጅ ሹፌሩ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም እንደዚያው ይመለሳል፤ አንድም ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም። ከአሮጌ ልብስ ገበያ የገዛሁት ቡኒ ካፖርት ነበረኝ፣ ከወገቡ ሰብሰብ ያለ፣ ቁልፎቹ ከቀንድ የተሠሩ። ዛሬ ልጆቹ እንደዚያ ያለውን በውድ ዋጋ ሲገዙ አያለሁ። ያገራችን ሰው ጥቂት ነበርና ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ሐኪሞች፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች፣ ቀበቶና ሰዓት ይዘው ከሰፈር ሰፈር የሚዞሩ ጥቂት ወንዶች። ሁሉም የሚሄድበት ነበረው። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ በባለቤቴ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ሥራ አይፈቅድልኝም። አዲስ አበባ ሳለሁ አርባ ልጅ ፊደል የማስቆጥር መምህርት ነበርኩ፤ ዮቪል ግን መጋረጃ ገልጬ ሰው ሲያልፍ የማይ ሴት ሆንኩ። ማንም የትም አይጠብቀኝም ነበር።

ባለቤቴ ከሚሠራበት ሆስፒታል አንድ የሆላንድ ዘር ያለው ሐኪም ዓይኑ የጠፋ አጎት ነበረው። አጎትዬው የሚኖረው ከቤዝ ቫሊ በላይ ጋራው ላይ ባለ የሽማግሌዎች ቤት ነው። የሰፈሩ ሙሉ ስም ቤዛይደንሀውት ነው፤ የእኛ ሰው ግን «ቤዝ» ብሎ ቆርጦ ያስቀረዋል። ሐኪሙ በሳምንት ጥቂት ከሰዓት በኋላ እየሄደች መጽሐፍ የምታነብለት ሴት ይፈልጋል፤ ደመወዝ የለውም፣ ሻይና ብስኩት ብቻ። ባለቤቴ ቀልድ አድርጎ ነገረኝ። እኔ ግን ካፖርቴን ለበስኩ።

ሜኔር ኬስ ይባላል፤ ሜኔር ማለት እንደ እኛ አቶ ነው። ረጅም፣ ከንፈሩ ቀጭን፣ ከሱፍ የተሠራ አረንጓዴ ሰደርያ በበጋም የማያወልቅ ሰው። በወጣትነቱ አገሩ ላይ ባሕሩን እየገደቡ መሬት ከሚያደርቁት መሐንዲሶች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወደዚህ መጥቶ ዕድሜውን ሁሉ ከወርቅ ጉድጓዶች ውሃ ሲያስወጣ ኖረ። ሰውየው ከውሃ ጋር ተጣልቶ የተፈጠረ ነው። የሚፈልገው እንዲነበብለት ልብ ወለድ አልነበረም፣ መጽሐፍ ቅዱስም አልነበረም። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር የጻፈውን ስለ ቦይና ስለ ግድብ የሚናገር ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ በሆላንድኛ። እኔ ሆላንድኛ አልችልም አልኩት በእንግሊዝኛ። «የሚችሉት መጥተው ነበር» አለኝ፤ «ገጽ እያሳለፉ ያታልሉኛል። አንቺ ማንበብ ትችያለሽ ወይ?» ማንበብ እችላለሁ አልኩት። «እንግዲያው ተቀመጪ።»

ይህን ያልተረዱ ሰዎች ብዙ ናቸውና ረጋ ብዬ ልጻፈው። አባቴ ጎጃም ውስጥ መሪጌታ ነበር፤ ሴት ልጅ ከተማሪዎቹ ጋር አትቀመጥም ቢባልም ቤት ውስጥ ንባብ አስተምሮኛል። በእኛ ዘንድ ንባብ አንድ ሙያ ነው፣ ትርጓሜ ሌላ ሙያ። ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን በጣቱ እየነካ ይቆጥራል፣ ቀጥሎ ቃሉን ይገጥማል፣ በመጨረሻ ሳያቋርጥ ያወርደዋል። የትኛው ቃል እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደሚወድቅ፣ የትኛው ተይዞ እንደሚጣል ይማራል። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የሚያነበንበው ልጅ የግዕዙን ትርጉም አያውቅም፤ ገና ዓመታት ይቀሩታል። ማንም ግን አታላይ ብሎት አያውቅም። የንባብ ልጅ ነው፣ አለቀ። እኔም ለሆላንድኛ የንባብ ልጅ ሆንኩለት።

የእነሱ ቃል ግን ጉድ ነው። አንዱን ቃል ከሌላው ጋር ያለ ክፍተት ይሰፉታል፤ ሦስት አራቱ ይያያዝና የመስመሩን ግማሽ ይይዛል። ሳየው የሚያስፈራኝ አንድ ነበር፦ ኦፐርፍላክተዋተርአፍፉር። መጀመሪያ ቀን በፊደል ልማድ አነበብኩት። የእኛ ፊደል ድምፁን ከነአናባቢው ይዞ ነው የሚፈጠረው፤ አፋችን ብቻውን የቆመ ድምፅ ሲያገኝ ወደ ሚቀጥለው ይጎትተዋል። «ዋ-ተ-ራፍ-ፉር» አልኩ። ሜኔር ኬስ ጥርስ እንዳመመው ሰው ፊቱን አጨማደደ። የጣቱን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አደረገ። ግድግዳ አለ እዚህ ጋ፣ አለኝ፤ ውሃው ግድግዳውን አያልፍም። «ዋተር» እዚህ ያልቃል፣ «አፍፉር» እዚያ ይጀምራል። መጀመሪያ ቃሉን ስፌቱ ላይ ትከፍቺዋለሽ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በድምፁ ትቆርጪዋለሽ። በቀለበቱ ስፌቱን፣ በጣቱ ጫፍ ድምፁን ይመታ ጀመር። ኦ-ፐር-ፍላክ-ተ፤ ጠቅ፤ ዋ-ተር፤ ጠቅ፤ አፍ-ፉር። መጀመሪያው ይነሳል፣ የቀረው ተከትሎት ይወርዳል። ተነሽና ወዳቂ ነው ማለት ነው። አባቴ በመቋሚያው ጫፍ መሬቱን ይመታው የነበረውን ሰውዬው በቀለበቱ መታው፤ ሁለቱ በዚህች ምድር ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ከሰዓት በኋላዎች እንደ አንድ ረጅም ቀን ሆነው ነው የሚታዩኝ። መስኮቱ ወደ ጃካራንዳው ዛፍ ይከፈታል፤ አበባው ሲረግፍ ግቢው ሐምራዊ ይሆናል፣ ንቦቹ መሬት ላይ ያለው አበባ ውስጥ ገብተው ያጉረመርማሉ። ሻዩ በጣም ቀጭን ነው፣ ብስኩቱ የቀረፋ ሽታ አለው። በበጋ፣ የዚህ አገር ዝናብ ያኔ ነውና፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው ይጠቁርና ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ እሱ በጣቱ ዝናቡን ይሁን ቃሉን ይቁጠር አላውቅም። ሳላውቀው በዳዊት ዜማ ማንበብ ጀመርኩ። ሌሎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወንበራቸውን እየገፉ ይመጡ ጀመር፤ አንዳንዶቹ ግማሽ ገጽ ሳይሞላ ያንቀላፋሉ። ኖምሳ ትራስ እያስተካከለች ዜማውን ከእኔ ቀድማ ታንጎራጉረው ነበር። ሜኔር ኬስ ግን አንቀላፍቶ አያውቅም። አንዲት መስመር ብዘል፣ ሳላውቅ እንኳ ብዘል፣ ቀለበቱ ይናገራል። ስለ ምን እንደማነብ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ስለ ውሃ ነው» አለኝ። «የቀረውን ከነገርኩሽ አንቺም መዝለል ትጀምሪያለሽ።» ስሄድ ሁልጊዜ «የፍራው፣ ሐሙስ እጠብቃለሁ» ይለኛል፤ የፍራው ሴት አስተማሪን የሚጠሩበት ነው። እጠብቃለሁ የሚለኝ ሰው በጆሃንስበርግ እሱ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሰብለ ልምጣ። ሰብለ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ፊት ለፊት እትዬ ሰብለ፣ እርስዎ እላታለሁ፤ በዚህ ወረቀት ላይ ግን እሷ ናት። እናታቸው ልጅ ሳሉ ስለሞተች ባለቤቴን ያሳደገችው እሷ ነች፤ ይህን ደግሞ ማንም እንዳይረሳው ታደርጋለች። ሆላንድ ስምንት ዓመት ተምራ ዲፕሎማ ይዛ ለሁለት ወር ልትጠይቀን መጣች፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየጠየቀችን ነው። የአንገት ልብሷን በግራ ትከሻዋ ጥላ ስትገባ ቤቱ የእሷ፣ እኔ እንግዳዋ እመስል ነበር። ወጡን ቀምሳ «አልበሰለም» አትልም፤ «እኛ ሆላንድ ሳለን ነው የምግብን ነገር የተውኩት» ትላለች። የት እንደምሄድ ስትሰማ ሳቀች። እኔም የባሌ ዘመድ ቢያየኝ ምን አለበት ብዬ ይዣት ሄድኩ። የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፣ ላሳያት ፈለግኩ።

አነበብኩ። አሳምሬ ነው ያነበብኩት። ሜኔር ኬስ የቀኑ ድርሻው ሲያልቅ ኖምሳ ባለ ጎማ ወንበሩን እየገፋች ወደ ክፍሉ ወሰደችው። ያን ጊዜ ሰብለ የቤቱ ኃላፊ ወደሆነችው ሴት ጠጋ አለችና በሆላንድኛ ማውራት ጀመረች። ፈገግ እያሉ ነበር የሚያወሩት፤ እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፣ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ። ከዚያ ኃላፊዋ ፈገግታዋን አቆመች። መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አንስታ ያነበብኩትን ገጽ ገለጠችና በእንግሊዝኛ፣ በጣም በትሕትና፣ ይህ ምን ይላል አለችኝ።

ስለ ውሃ ነው አልኳት።

ስለ ውሃ ምን? አለችኝ። ሰብለ በአማርኛ «ንገሪያት እንጂ፣ የሺ፤ ምን ያስፈራሻል?» አለች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያዩኝ ነበር። ኃላፊዋ ዓይኑ የማያይን ሰው ማታለል ተገቢ እንዳልሆነ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳችኝ። እኔ የማንን ዓይን አታለልኩ? ሰውዬው ራሱ አስተምሮኛል ለማለት አፌን ስከፍት ሰብለ ቀደመችኝ፤ «የቤተሰባችን ስም እንዳይጎድፍ ከዚህ በኋላ እኔው እየመጣሁ አነብለታለሁ» አለች። ቡኒ ካፖርቴን ወስጄ ወጣሁ። ሌባ ጣቴን ወደ ላይ ማቆም እንኳ ረስቼ ብዙ ታክሲ አለፈኝ።

ማታ ባለቤቴ ነገሩን ሰምቶ «እሷ ቋንቋውን ታውቃለች፤ ምን ያስቀይማል?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም። በእኛ ወግ ከደጃፍ የተባረረ ሰው ሽማግሌ ካልተላከበት ወይም የቤቱ ባለቤት ራሱ ካላስጠራው ተመልሶ አያንኳኳም። ሜኔር ኬስ ያስጠራኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሐሙስ ይነጋል፣ ልብሴን ለብሼ እቀመጣለሁ፣ ስልኩ አይጮህም። ጃካራንዳው አብቦ ረገፈ። ሰብለ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰውዬው አሰልቺ ነው ብላ መሄዱን ተወች። በክረምቱ መሞቱን ሐኪሙ ለባለቤቴ ነገረው፤ ባለቤቴም እጁን እየታጠበ ለእኔ ነገረኝ። ሳለቅስ ሲያይ የተናገራትን ዓረፍተ ነገር ግን አስቀምጫታለሁ፦ «ሰውዬው ረስቶሻል፤ አንቺም እርሺው።» ከዚያ ወዲያ ባኮረፍኩ ቁጥር ይችን ነው የሚያነሳልኝ። ማንም አላባረረሽም፣ ራስሽ ነሽ የቀረሽው፣ ሰውዬው ቢፈልግሽ ያስጠራሽ ነበር ይለኛል። እኔም አምኜ ኖርኩ። ያጣሁት ንባቡን ብቻ አልነበረም፤ ሰው ሊጠብቀኝ የሚችል ሴት አይደለሁም ብዬ ነው የኖርኩት።

ሐሙስ ዕለት ኖምሳ የነገረችኝ ይህን ነው። ሜኔር ኬስ በነጋታው የፍራው የት አለች ብሎ ጠየቀ። ሰብለ «እሷማ ወደ አገሯ ገብታለች፣ አትመለስም» አለችው። ሌላ ሰው እንዲጠራኝ ሲለምን ኃላፊዋም ያንኑ አለችው፤ ከቤተሰቧ የሰማነው ነው አለች። ሰብለ ስታነብለት አሰልቺ የመሰላትን ትዘላለች፤ ቀለበቱን ቢመታም ምን እንደሆነ አልገባትም፤ በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፉን ከእጇ ተቀብሎ በቃ አላት። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መስኮቱ አጠገብ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘግቶ ይቀመጣል። ድምፅ አያወጣም። በጣቱና በቀለበቱ ብቻ ቃሎቹን ከራሱ እያስታወሰ ጠረጴዛው ላይ ይቆርጣቸዋል። «ስንገባ ኮቴ ሲሰማ ያቆማል» አለችኝ ኖምሳ፤ «አንቺ እንዳልሆንሽ ሲያውቅ እንደገና ይጀምራል።»

ትናንት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብለ ጋ ሄድኩ። ኬንሲንግተን ነው የምትኖረው፤ እግሯ ስላበጠ አትወጣም፣ እኔ ነኝ በየሳምንቱ ሾርባ የማደርስላት። ጆሮዋም ደክሟል። ብርቱካን እየላጠች ነበር። ኖምሳን እንዳገኘሁ ነገርኳትና፣ አገሯ ገብታለች ያሉት እርስዎ ነዎት ወይ አልኳት። አልካደችም፤ ያ ነው የገረመኝ።

«ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ በር በሩን ያያል» አለች። «የማያይ ሰው በር ሲያይ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንጀቴን በላው። ተስፋውን ይቁረጥ ብዬ ነው።»

«እኔስ፣ እትዬ?»

«አንቺማ ባል አለሽ፣ ቤት አለሽ። ምን ጎደለሽ?»

አልጮኽኩም። ለወንድምዎ ይንገሩልኝ አልኳት። ሰውዬው ረስቶሻል ያለኝን ቃል እንዲመልስልኝ እፈልጋለሁ፤ ከእኔ ከሰማው ኩርፊያ ነው ይለዋል፣ ከእርስዎ ይስማው። ከዚህ ሌላ ከእርስዎ የምፈልገው የለኝም። ብርቱካኑን አስቀምጣ እጇን ጠረገች። በስልኬ ደውዬለት፣ ለጆሮዋ እንዲመች ድምፁን ከፍቼ ሰጠኋት።

«እትዬ፣ ደህና ነሽ?» አለ ባለቤቴ። ዘመኑን ሁሉ እሷን ሲያናግር ድምፁ የልጅ ነው።

እሷም ሳታዟዙር ነገረችው፤ ያኔ ሽማግሌውን የሺ አገሯ ገብታለች ብዬው ነበር፣ ሰውዬው ግን እስኪሞት ሲጠብቃት ነበር፣ አለችው። ባለቤቴ ሳል አለና መለሰ።

«እትዬ፣ እሱንማ ያኔውኑ ነግረሽኛል እኮ። አሁን ምን አስነሳው? ለየሺ ብቻ እንዳትነግሪያት።»

ሰብለ ቀና ብላ አየችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ነች። ስልኩን ከእጇ ወስጄ ዘጋሁት፣ የሾርባውን ሳህን አጥቤ ሰቀልኩ፣ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ምሳውን አቀረብኩለትና እኔ የኋላውን ክፍል ዘግቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ሁለት ጊዜ አንኳኩቷል። መጀመሪያ ሻይ ላምጣልሽ ለማለት ነው፤ ቀጥሎ «የሺ፣ ስልኩ ላይ አንቺም ነበርሽ እንዴ?» አለ። እኔ መጻፌን ቀጠልኩ። ወንበር ስቦ በሩ አጠገብ ሲቀመጥ ሰምቻለሁ፤ ትንፋሹም ይሰማኛል። ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ደመናው ከብዷል፣ ገና ብዙ የምጽፈው አለኝ።

ይጠብቅ።